የእማማ ጎንግ ነጭ ዱባ

በዚህ ሸለቆ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተዳረም ሆነ የተቀበረ ሰው ያለ አማቴ አልተዳረም፣ አልተቀበረም። አማቴ ጎንግ ቹንታኦ ይባላሉ፤ የድግስ ባለሙያ ናቸው። በሲችዋን ገጠር ድግስ ያለበት ሰው ሆቴል አይሄድም። ግቢው ውስጥ ሸራ ይወጥርና እማማ ጎንግን ይጠራል። እሳቸውም ወጥ ቤታቸውን በጭነት ባጃጅ ጭነው ከች ይላሉ፤ ከበርሜል የተሠራ ምድጃ፣ ተደራርቦ ቁመቴን የሚያህል የቀርከሃ የእንፋሎት ማብሰያ፣ ተጣጣፊ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ በርጩማ፣ መጥረቢያ የሚያህል ቢላ። ድምፃቸውን ግን ባጃጁ አይሸከመውም፤ እሱ ቀድሞ ይደርሳል።

ቁመታቸው ከምድጃው ብዙም አይበልጥም። ይሁንና የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ ወሬውን ሲያጦፉት እማማ ጎንግ አንዴ "ዝንጅብል!" ካሉ ግቢው ጸጥ ይላል። ሙያውን የተማሩት ከአንድ ወንድ ወጥ ሠሪ ነው። ሰውየው "ሴት የነካችው እንፋሎት ይረግባል" ባይ ስለነበር ለዓመታት ጎመን ከማጠብ በቀር ምድጃ አላስጠጋቸውም። አንድ ቀን ታዲያ ሰርግ ቤት ከጠዋት ጀምሮ መጠጡን ሲገለብጥ አርፍዶ፣ ምሳ ሲደርስ ጎመኑ ክምር ላይ ጋደም አለ፤ አልነሳም። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። እማማ ጎንግ ሽርጡን ከተኛበት ፈትተው ታጠቁና ሰርገኛውን በሙሉ አበሉ። ሽርጡን እስከ ዛሬ አልመለሱም።

ከዚያ ወዲህ አገሩ "ጎንግ ሽፉ" ይላቸዋል። ሽፉ የሚባለው ሙያውን ያወቀ ሰው ነው፤ ሹፌሩም ግንበኛውም ጫማ ሰፊውም ሽፉ ነው። በዚህ ሸለቆ ሽፉ የተባለች ሴት ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

እማማ ጎንግ የሰው አፍ አያምኑም። በዚህ አገር "ጣፍጧል" ማለት እንደ ማስነጠስ ነው፣ ማንም ይለዋል። እሳቸው የሚያምኑት ፌስታል ነው። ወደ ድግስ የሚመጡ ትልልቅ ሴቶች ሁሉ ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ ፌስታል አለ፤ የጣማቸውን ምግብ ጠቅልለው ወደ ቤት ይዘው ይሄዳሉ። መጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን አንዲት አሮጊት ገና ጠረጴዛው ላይ ያረፈውን የአሳማ ታፋ ከነመረቁ ፌስታል ውስጥ ሲገለብጡ "ሌባ!" ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያኔ እጮኛዬ የነበረችው ዩሉ በክርኗ ወጋችኝ።

"ዝም በል! እናቴን እያመሰገኗት'ኮ ነው።"

"ሰው ሳይቀምሰው?"

"ካልቀመሰው ነዋ ምስጋና የሚሆነው።"

የእማማ ጎንግ ባል ጋሽ ፓን ናቸው። ጋሽ ፓን ወፍራምና ዝምተኛ ናቸው። ሥራቸው ባጃጅ መንዳትና እሳት ማንደድ ነው ይባላል፤ እኔ ሁልጊዜ የማያቸው ግን ሲያኝኩ ነው። እማማ ጎንግ ምድጃው ላይ ቆመው ጭልፋውን በየደቂቃው ወደ ባላቸው አፍ ይልኩታል። ጋሽ ፓን አኝከው፣ አሰብ አድርገው "እም" ይላሉ፤ ወይም "እ-እም" ይላሉ። ያየ ሁሉ "ባሏን ስትወድ!" ይላል።

እኔ ደግሞ ምንተስኖት እባላለሁ፤ እዚህ ግን ሰዉ ከ"ሚን" ወዲያ አልሄደም። ቼንግዱ የመጣሁት የመስኖ ምህንድስና ልማር ነበር። ተማርኩ፣ ተመረቅሁ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ፤ የውጭ አገር ሰው ሲያዩ መስኖ የሚታያቸው ወላጆች እስካሁን አላጋጠሙኝም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እንደ ሰዉ ሙቅ ውኃ በፔርሙዝ ይዤ እዞራለሁ፤ ከምሳ በኋላ እንደ ሰዉ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ እተኛለሁ፤ አለቃዬም ከጎኔ ተደፍቶ ያንኮራፋል። በበርበሬ ደግሞ ማንም አይበልጠኝም። አንድ ነገር ብቻ አቃተኝ። አሳማ አልበላም።

የአገሬ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። ይህን ሸለቆ ማስረዳት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ በጉ አሳማ፣ ዶሮው አሳማ፣ ቅቤው አሳማ ነው። የጠሉት ይወርሳል የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ከዚህ ሁሉ የሲችዋን ሴት መካከል የወደድኩት የአሳማ ሥጋ ንግሥት ልጅ የሆነችውን ዩሉን ነው።

መጀመሪያ ቀን ቤታቸው የሄድኩ ጊዜ እማማ ጎንግ ስለ ቀለሜም ስለ ደሞዜም አልጠየቁኝም። ጠረጴዛውን በሳህን ሸፍነው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

"ብላ እንጂ! ምነው የመብያ እንጨትህ ሾርባው ላይ ብቻ የሚዋኘው?"

ዩሉ በእኔ ፈንታ መለሰች። "ማ፣ ሚን አሳማ አይበላም።"

"ታሟል?"

"ደህና ነኝ፣ እማማ።"

"ሐኪም ከልክሎህ ነው?"

"አይ፣ እኛ አገር አይበላም።"

"አገሩ ሁሉ ነው የታመመው?"

ጋሽ ፓን ማኘካቸውን አቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም ነበርና በጣም አዘኑልኝ።

"ለበዓልም?" አሉ እማማ ጎንግ።

"ለበዓልም።"

"ታዲያ በዓል መሆኑን በምን ታውቁታላችሁ?"

በማግስቱ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ሠርተው ጠበቁኝ። "ይኸው፣ ሥጋ የሚባል የለበትም" አሉ። ቶፉው መሐል የተፈጨ ነገር ብቅ ጥልቅ ይል ነበር።

"እማማ፣ ይሄ ምንድነው?"

"እሱማ ሥጋ አይደለም። ለሽታ ነው የገባው።"

"የማን ሽታ?"

"የአሳማ። ግን በጣም ትንሽ አሳማ ነው።"

እንዲህ ስንጓተት ሰነበትን። በሳምንቱ ስሄድ ግን ግድግዳው ላይ አዲስ መጥበሻ ተሰቅሎ አገኘሁ። እማማ ጎንግ ወደ እኔ ሳያዩ "ስብ ነክቶት አያውቅም፤ ያንተ ነው፤ ማንም እንዳይነካው" አሉና እንቁላል በቲማቲም ጠበሱልኝ። ያን ቀን እኚህን ሴት ከልቤ ወደድኳቸው።

ቃል ግን አስገቡኝ። ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ ያ ድምፃቸው ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ልስላሴ ተለውጦ እንዲህ አሉኝ። "ሚን፣ ይሄን ነገር ሰው እንዳይሰማ። የኔ ቤት ሰው የኔን ድስት ካልበላ ሰዉ ምን ይላል? 'ውስጡ ያለውን ቢያውቅ ነው' ይላል። አንድ ሰው እንዲህ ካለ በቃ፣ ማንም አይጠራኝም። ምድጃዬ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።"

ስለዚህ በየድግሱ ከጋሽ ፓን ጎን መቀመጥ ጀመርኩ። እዚህ አገር ለእንግዳ በራሱ እንጨት ቁራጭ አንስቶ የማይጥል ሰው የለም። ቁራጩ ሳህኔ ላይ ዱብ ሲል እኔ "ያቺ ሙሽራ እንዴት ታምራለች!" እላለሁ፤ ሰዉ ዞሮ ሲያይ ጋሽ ፓን ቁራጩን ያጠፉታል። እንዲያ ያለ ፍጥነት ከዚያ ሰውነት አይጠበቅም። ቀብር ላይ ሙሽራ ስለሌለች ትንሽ እንቸገር ነበር። ሰዉ ግን "የጎንግ ሽፉ ልጅ እጮኛ እንዴት ያለ በሊታ ነው!" እያለ ያደንቀኝ ነበር።

ጉድ የፈላው የራሴ ሰርግ ሲደርስ ነው።

በመጀመሪያ እማማ ጎንግ የልጃቸውን ድግስ እኔው ነኝ የምሠራው አሉ። ዩሉ ልታለቅስ ደረሰች።

"ማ፣ የሙሽራ እናት'ኮ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ሻይ ነው የምትቀበለው!"

"ሻዩ ሲደርስ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ። ልጄን በሌላ ሰው ጨው አልድርም!"

ቀይ የሐር ካፖርታቸውን ከሽርጡ ሥር ሊለብሱ ተስማሙና ነገሩ በዚሁ አለፈ። ሁለተኛው ነገር ግን በካፖርት የሚሸፈን አልነበረም። በሸለቆው ልማድ፣ በሰርግ ቀን በደረቀ ጎመን በእንፋሎት የበሰለው የአሳማ ጮማ ሲቀርብ የሸለቆው ትልቅ ሰው የመጀመሪያውን ቁራጭ በራሳቸው እንጨት አንስተው ለሙሽራው ያጎርሳሉ። ሙሽራው እስኪውጥ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ አሁን ደግሞ በስልክ ይቀርጸዋል። ጋሽ ፓን በዚያ ቀን የሙሽራዋ አባት ናቸውና ከእኔ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት። ሙሽራዋን እዩ ብዬም ማንንም ማታለል አልችልም።

"እማማ፣ ለምን እውነቱን አንናገርም?" አልኩ።

"በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት? በባሌ ዘመዶች ፊት? በቺዮንግ ፊት?"

እትዬ ቺዮንግ የጋሽ ፓን ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸው ካገቡበት ቀን ጀምሮ በእማማ ጎንግ ምግብ ላይ እንከን ይፈልጋሉ፤ እስኪያገኙ ድረስም ይበላሉ። ፌስታላቸው ከሁሉም ይተልቃል። ስማቸው ሲጠራ እኔም ሐሳቤን ተውኩት።

ከዚያ በኋላ እማማ ጎንግ ጮማ የሚመስል ዱባ ሊሠሩልኝ ተነሱ፤ ቤቱ ነጭ ዱባ በነጭ ዱባ ሆነ። ቆዳው አረንጓዴ፣ ሆዱ እንደ ጮማ ነጭና ለስላሳ፣ ሰው የሚያህል ዱባ ነው። እማማ ጎንግ አጋደሙት፣ ዞሩት፣ ልክ እንደ አሳማ ጎን ቆረጡት። ቆዳውን በተቃጠለ ስኳርና በአኩሪ አተር ስጎ አጠቆሩት፤ በዘይት ለበለቡት፤ በስሱ ከትፈው በጎድጓዳ ሳህን ደረደሩትና የደረቀ ጎመን ደፍተውበት በእንፋሎት አበሰሉት። የመጀመሪያው ቀለጠ። ሁለተኛው ሰማያዊ ሆነ፤ ምክንያቱን ማንም አላወቀም። እሳቸው ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሴት አይደሉም። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው ቢባልም፣ እማማ ጎንግ ዱባንና አሳማን ባንድ ሳምንት የሥጋ ዘመድ አደረጓቸው።

ምስክሩ ጋሽ ፓን ነበሩ። ምን እንደሆነ ሳይነገራቸው አንድ ቁራጭ አፋቸው ገባ። አኘኩ። አሰቡ። ዓይናቸው በዝግታ በሐዘን ተሞላ።

"ይሄ አሳማ" አሉ፤ "ከመሞቱ በፊት ብዙ ታሞ ነበር?"

"ዝም በል!" አሉ እማማ ጎንግ ደስ ብሏቸው። "አሳማ ካልክ በቃ።"

ያስፈለገው አንድ ሳህን ነው፤ ለእኔ ጠረጴዛ። እማማ ጎንግ ግን ሳህኑን አዘጋጅተው ከጨረሱ በኋላ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። በሰርግ ነገር ሁሉ ጥንድ ነው፤ ሻማው ጥንድ፣ መጠጡ ጥንድ፣ በሩ ላይ የሚለጠፈው ቀይ ጽሑፍ እንኳ ጥንድ ነው።

"ነጠላ ነገር ለልጄ ሰርግ? ልጄን ልትፈታ ነው የምድራት?"

"ማ፣ ዱባ'ኮ ነው!" አለች ዩሉ።

"ዱባም ቢሆን ብቻውን አይመጣም።"

ሁለተኛ ሳህን ሠሩ። ለማንም የማይቀርብ፣ ለጥንድነቱ ብቻ የተሠራ ሳህን ነው። ከማብሰያው ሥር፣ ከሁሉም በታች ደበቁት።

የሰርጉ ቀን ብርድ ነበር፤ ግን የምድጃው ወላፈን ግቢውን ያሞቀው ነበር። ርችቱ ተንጣጣ፣ ውሾቹ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፣ መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ጨብጦ ጮኸ። በሩን ፊት ለፊት በሚያየው የክብር ቦታ የሸለቆው አንጋፋ አባባ ሙ ተቀምጠዋል። አባባ ሙ ጥርሳቸው ከተሰናበታቸው ቆይቷል፤ ምላሳቸው ግን ሙሉ ነው። ሻዩ ሲደርስ እማማ ጎንግን ጠሩ። ሽርጣቸውን ገልበው በቀይ ካፖርታቸው እየሮጡ መጡና ተቀመጡ። ተንበርክኬ ሻዩን አቀረብኩ፤ በልማዱ መሠረት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት "ማ" አልኳቸው። እሳቸው ግን ጆሯቸው ምድጃው ጋ ነበር፤ "እሺ እሺ፣ ተነስ፣ እንፋሎቱ ሊያመልጥ ነው" አሉኝ።

እሳቸው ሻይ ሲቀበሉ ነው ጥፋቱ የተሠራው። ሳህን የምታመላልስ አንዲት ጎረቤት አንድ ጠረጴዛ ጮማ እንደጎደለው አየች። ሽፉን ፈለገች፣ ሽፉ የሉም። ማብሰያውን ከፈተች፤ ከሁሉም በታች አንድ ሳህን ቀርቷል። ደግ ሴት ናት፤ አንስታ ሰጠቻቸው። ጠረጴዛው የእትዬ ቺዮንግ ነበር።

እኛ ዘንድ ግን ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሄደ። አባባ ሙ እየተንቀጠቀጡ የመጀመሪያውን ቁራጭ አነሱ። ስልክ ሁሉ ወደ አፌ ዞረ። ጎረስኩ፣ አኘኩ፣ ዋጥኩ። እውነቴን ነው፣ እጅ የሚያስቆረጥም ነበር። ሰዉ አጨበጨበ። አባባ ሙ ለራሳቸውም አንድ ቁራጭ አነሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ቹንታኦ! ይሄ አሳማ ድድ ላይ ነው'ኮ የሚቀልጠው። የት ነው ያደገው?"

"እዚሁ ጓሯችን ነው ያደገው፣ አባባ" አሉ እማማ ጎንግ። ውሸት አልነበረም።

እፎይ ልል ስል ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ጩኸት ተነሳ።

እትዬ ቺዮንግ እንደ ልማዳቸው ሳህኑ ሳያርፍ ፌስታል ውስጥ ገልብጠውት ነበር። አብሯቸው የተቀመጠ አንድ ሰው "ኧረ እትዬ፣ እኛ እኮ አልቀመስንም!" ብሎ ቢቆጣ፣ ለይሉኝታ ብለው እጃቸውን ፌስታሉ ውስጥ ከተው አንድ ቁራጭ ሰጡትና አንድ ለራሳቸው ጎረሱ። ከሠላሳ ዓመት ፍለጋ በኋላ እንከኑ ተገኘ።

"ዱባ!" ፌስታሉን ከፍ አድርገው ቆሙ። "ዱባ ነው! በወንድሜ ቤት፣ በልጁ ሰርግ፣ ለኛ ለባል ዘመዶች ዱባ! ሰው ሁሉ ጮማ እየበላ ለኛ ዱባ!"

መድረክ መሪው ግራ ገብቶት በማይክሮፎኑ "ዱባ" አለ። 

እማማ ጎንግ የሻይ ስኒውን እንደያዙ ቆሙ። ፊታቸው የታጠበ ጎመን መሰለ። በዚህ ሸለቆ ወጥ ሠሪ ሥጋ ቀነሰች ከሚባል ቤቷ ተቃጠለ ቢባል ይሻላታል። አንዲት ቃል ብቻ ታድናቸው ነበር፤ "ለሙሽራው ነው የሠራሁት" ቢሉ ያልቃል። ሁላችንም፣ እኔም ዩሉም ጋሽ ፓንም፣ ያቺን ቃል እንጠብቃለን።

"የኔ ጥፋት ነው" አሉ እማማ ጎንግ። "ሥጋ ጎድሎኝ ነው። ነገ ሙሉ ታፋ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ፣ እትዬ ቺዮንግ።"

ልቤ ተሰበረ። ይህን የሚያህል ስም፣ ከሰካራም ወገብ ላይ ፈትተው የታጠቁትን ስም፣ የኔን አፍ ለመሸፈን ብለው ጣሉት። ዩሉ ክንዴን ያዘች፤ ልታስቀምጠኝ ይሁን ልታስነሳኝ አላወቅሁም። ተነሳሁ።

"ዱባው የኔ ነው!" አልኩ በሲችዋንኛ። "እኔ አሳማ አልበላም። እኛ አገር አይበላም። ማ ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ነው የሠራችልኝ። ሥጋ አልጎደለም፤ የጎደልኩት እኔ ነኝ።"

 ከዚያ ጥያቄው ከየጠረጴዛው ይዘንብ ጀመር።

"እግሩንም አትበላ?"

"አልበላም።"

"ቋሊማስ? ቋሊማ እኮ አሳማነቱ አይታይም!"

"እሱንም።"

"ለአዲስ ዓመትም?"

"ለአዲስ ዓመትም።"

"ውይ ልጄን!" አሉ አንዲት አሮጊት፤ እንባቸውንም ጠረጉ። ሰዉ ከመቆጣት ይልቅ አዘነልኝ። አንዱ የዶሮ ክንፍ፣ ሌላው የዓሣ ጭንቅላት ሳህኔ ላይ ይከምሩብኝ ጀመር፤ የተረፍን መሰለኝ።

እትዬ ቺዮንግ ግን ፌስታላቸውን አላወረዱም። "ቆይ!" አሉ። "ቆይ እንጂ! ታዲያ የገዛ ልጇ ባል ከድስቷ አይበላም ማለት ነዋ! ቤተሰቧ የማይበላውን እኛ ለምን እንበላለን? ምን ቢያውቅ ነው?"

እማማ ጎንግ የፈሩት ቃል ይኸው ወጣ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሰው እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ሌላም አስቀመጠ።

እማማ ጎንግ ዙሪያቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ያ ግቢ የሚያናውጥ ድምፅ ተመለሰ።

"እኔም አልበላም!"

"ምን?" አሉ እትዬ ቺዮንግ።

"እኔም አሳማ አልበላም! ሰማሽ? እሱ አገሩ ነው፤ እኔ ግን አፍንጫዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ስብ ላይ ቆሜ ስውል ሽታው ብቻ ይበቃኛል። አፌ ላይ ካስቀመጥኩት ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ ያጎረስኳችሁን አንዱንም ቀምሼው አላውቅም!"

ይህንን ዩሉም አታውቅም ነበር። አፏን ከፍታ እናቷን ታያለች።

"ታዲያ ጨውን ማነው የሚቀምሰው?" ብሎ አንድ ሰው ጮኸ።

እማማ ጎንግ ጣታቸውን ቀሰሩ። ግቢው በሙሉ ወደ ጋሽ ፓን ዞረ። ጋሽ ፓን በዚያ ሁሉ ሁከት መሐል ታፋውን ይዘው ጉንጫቸው እንደተነፋ ነበር። ሊናገሩ ቢሞክሩ አልቻሉም፤ በሁለት እጃቸው ሆዳቸውን ያዝ አድርገው ከወንበራቸው ብድግ አሉና ለሕዝቡ እጅ ነሱ።

ሳቁ ከሸራው በላይ ሄደ። መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ጣለ። "ሃያ ዓመት በዚህ ሆድ ነው የበላነው!" አለ አንዱ። "እኔ ባሏን ስትወድ ነው ያልኩት!" አለች ሌላዋ። እንጨቱን ያስቀመጠው ሰው ሁሉ መልሶ አነሳው። ይህን የሚያህል ምስክር ሆድ ያለው ምግብ ማን ይጠረጥራል።

አባባ ሙ ብቻ አልሳቁም። በእንጨታቸው የሳህናቸውን ጠርዝ መቱ፤ ደጋግመው መቱ፤ ሰዉ ወደ እሳቸው ዞረ።

"ቹንታኦ፣ የወንድሞቼን ቀብር አንቺ ነሽ የደገስሽው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"የልጆቼን ሰርግስ?"

"እኔው ነኝ።"

"እነዚህን ሁሉ ስታጠግቢ አንቺ ምን ትበያለሽ? ከመሃላችን አንድ ሰው ጠይቆሽ ያውቃል?"

 እማማ ጎንግ ሽርጣቸውን ጎተት አደረጉ። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ ያ ሁሉ ዘመን በዚያ አዲስ መጥበሻ ሲያበሉኝ እሳቸው ምን እንደሚበሉ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

"እንግዲህ ተጠየቅሽ" አሉ አባባ ሙ። "ምን ትወጃለሽ?"

"ሩዝ... ቀጭን የሩዝ ገንፎ" አሉ በማይሰማ ድምፅ። "ከኮምጣጣ ጎመን ጋር።"

"ያን ሁሉ ሳህን ደርድረሽ ገንፎ አልሠራሽም?"

"ለሰርግ ገንፎ ይቀርባል እንዴ፣ አባባ? ሰው ምን ይላል?"

አባባ ሙ አንገታቸውን ወደ ግቢው ወዲያኛው ጫፍ አዞሩ። "ቺዮንግ፣ ከዚህች ሴት ምድጃ ስንቱን ፌስታል ሞልተሽ ነው የሄድሽው?"

እትዬ ቺዮንግ ፌስታሉን ቀስ ብለው አወረዱት። እዚያው ቆመው ፊታቸው ቀላ፤ ጠቆረ፤ ደግሞ ቀላ። ከዚያ በሰዎቹ መሐል ክርናቸውን እየሰደዱ መጡና እማማ ጎንግ ፊት ቆሙ። የሚማቱ መስሎኝ ተነሳሁ።

"አውልቂው!" አሉ እትዬ ቺዮንግ።

"ምኑን?"

"ሽርጡን ነዋ! ሩዝ መቀቀል የማልችል መሰለሽ?"

ሽርጡን ራሳቸው ከእማማ ጎንግ ወገብ ፈትተው ታጠቁና እያጉረመረሙ ወደ ምድጃው ሄዱ። "ገንፎ ትላለች... ሃያ ዓመት ሙሉ... አፍ የላትም እንዴ..." ሲሉ ይሰማል። እማማ ጎንግ በቀይ ካፖርታቸው በእኔና በዩሉ መሐል ተቀመጡ። እጃቸው የሚይዘው ነገር ስላጣ ጭናቸው ላይ ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለት ጊዜ ሊነሱ ሲሉ ዩሉ ያዘቻቸው። "ክዳኑን አትድፊው! ይገነፍልብሻል!" ብለው ከተቀመጡበት ጮሁ።

"በኔ ምድጃ አያገባሽም!" አሉ እትዬ ቺዮንግ ከእንፋሎቱ ውስጥ።

ገንፎው መጣ። ቀጭን፣ ነጭ፣ ትኩስ ነው። ሰዉ ሁሉ መብላቱን ትቶ ያያቸዋል፤ ልክ እኔን ያዩኝ እንደነበረው። እማማ ጎንግ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አንስተው ፊታቸውን ጋረዱበትና በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ጠጡት። ሳህኑ ሲወርድ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ከዚያ ባዶውን ሳህን ለእትዬ ቺዮንግ ዘረጉላቸው።

"እትዬ" አሉ፤ "ጨምሪልኝ።"